ብድር ከመጠየቅዎ በፊት የብድር ታሪክዎን እንዴት ያጣራሉ?

"ብድር ልጠይቅ ነው፤ ስሜ ንጹሕ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" ይህ ጥያቄ ከደብረ ማርቆስም ከፍኖተ ሰላምም ከዳንግላም ይመጣል። ጠያቂው አንዴ ባጃጅ ለመግዛት ያሰበ ወጣት ነው። ሌላ ጊዜ ወፍጮ ልትተክል የተነሣች ሴት ወይም በሬ አደልቦ ለፋሲካ ገበያ ማድረስ የፈለገ ገበሬ ነው። መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ስለሆነ እዚህ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

ብዙ ሰው መዝገቡ ምን እንደሚል የሚሰማው ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መሬቱ ታርሷል፣ ቀብድ ተከፍሏል፣ ዋስ ተለምኗል። ስለዚህ ከባንኩ ቀድመው ማንበብ አለብዎት። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ወረቀት መሰብሰብና ቀን መቁጠር ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ

የብድር ሪፖርት ስለ ብድሮችዎ የተያዘ መዝገብ ነው። በአገራችን መዝገቡ ያለው በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ነው። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች ያበደሩትን ወደዚያ ይልካሉ። አዲስ ብድር ሲጠይቁም አበዳሪው ከመወሰኑ በፊት ወደዚያ ገብቶ ያያል። የሚያገኘው ከማን እንደተበደሩ፣ ስንት እንደተፈቀደልዎ፣ ስንት እንደቀረብዎና ብድሩ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ነው።

የብድር ነጥብ ግን ቁጥር ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድዎ "750 ደርሻለሁ" ሲልዎ የሚያወራው በዚያ አገር ከ300 እስከ 850 ስለሚሰላ ነጥብ ነው። ያ ቁጥር ጎጃም ውስጥ ምንም አይከፍትም፣ ምንም አይዘጋም። እኛ ዘንድ ነጥብ በዋናነት የሚያጋጥምዎት በስልክ በሚሰጥ ብድር ላይ ነው። እሱን ሲስተሙ ራሱ ያሰላዋል። ባንክም ለውስጥ ሥራው የራሱ መመዘኛ ይኖረዋል። ለቅርንጫፍ ብድር ግን ከነጥብ ይልቅ የሚወስነው መዝገቡ ነው። ስለዚህ ድካምዎን እዚያ ላይ ያውሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። እቁብ በሰዓቱ መጣልዎ፣ እድር አለማጓደልዎ፣ የጎረቤት ብድር መመለስዎ በዚህ መዝገብ ላይ አይታይም። ሰው ቢያምንዎትም ሲስተሙ አያውቅዎትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የፋይዳ መታወቂያ
- የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲን ነምበር
- ከዚህ በፊት የተዋዋሉባቸው የብድር ውሎች ሁሉ፣ ያለቁትም ጭምር
- የክፍያ ደረሰኞችና የባንክ ደብተር
- ከባንክ ወይም ከቴሌብር የመጡ አጭር መልእክቶች ያሉበት ስልክ
- ያለፈው አንድ ዓመት የሂሳብ እንቅስቃሴ መግለጫ፣ ሰው ስቴትመንት የሚለው
- የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ

ጊዜም ያስፈልጋል። ገንዘቡን ከሚፈልጉበት ቀን ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ። ስህተት ቢገኝ የሚታረመው በአንድ ቀን አይደለም። መንገድ የሚዘጋበት ወይም "ሲስተም የለም" የሚባልበት ቀንም አለ።

ደረጃ 1፦ ያለብዎትንና የነበረብዎትን ዕዳ ሁሉ ይጻፉ

ደብተሩን ያውጡና በአምስት ዓምድ ይክፈሉት፦ አበዳሪ፣ የተበደሩበት ቀን፣ መጠን፣ ቀሪ፣ መጨረሻ የከፈሉበት ቀን። ከዚያ ያለ ምንም መተው ይሙሉት።

ሰዎች ሁልጊዜ የሚረሷቸው አራት ናቸው።

የቡድን ብድር። ለማዳበሪያ ወይም ለእርባታ ከአምስት ከስድስት ሰው ጋር ተያይዘው ከወሰዱ፣ እርስዎ ድርሻዎን ቢከፍሉም ጓደኛዎ ካልከፈለ ዕዳው ገና አለ። የቡድን ዋስትና ማለት ይኸው ነው።

ዋስ የሆኑበት ብድር። በተለይ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸውን ለዘመድ ዋስትና ያስይዛሉ። አበዳሪው ቅጽ ሲያስሞላዎት ስለዚህም ይጠይቃል። ዋናው ተበዳሪ ከቀረ ጣት የሚቀሰረው ወደ እርስዎ ነው።

የስልክ ብድር። ቴሌብር መላና እንደኪሴ ትንሽ ስለሆኑ እንደ ብድር አይቆጠሩም። ከጀርባቸው ግን ባንክ አለ። እንደ ማንኛውም ብድር ይቁጠሯቸው።

የድሮ ተቋም ብድር። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ እያልን የምንጠራው፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል። የአብቁተ ደብተር ያለው ሰው የሚጠይቀው ፀደይ ዘንድ ሄዶ ነው። ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክም በ2008 ዓ.ም. ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃሏል። ተቋሙ ስሙን ስለቀየረ ዕዳው አይሰረዝም።

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? ማመልከቻ ላይ ያልጻፉት ዕዳ በመዝገብ ከተገኘ ባለሙያው "ረስተው ነው" አይልም፤ "ደበቁ" ነው የሚለው። ከዕዳው ይልቅ መደበቁ ይጎዳዎታል።

ደረጃ 2፦ ስምዎንና ቁጥርዎን ያስተካክሉ

መዝገቡ የሚያውቅዎት በቁጥርና በስም ነው። ዋናው መለያ ቲን ነው። ቲን አሥር አሃዝ አለው። ደመወዝተኛ ከሆኑ በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ወጥቶልዎት ይሆናል፤ ሰው ሀብት ይጠይቁ። ነጋዴ ከሆኑ አለዎት። አርሶ አደር ከሆኑና ከሌለዎት በወረዳው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ያወጣሉ። ሁለት ቲን ካለዎት ደግሞ፣ ለምሳሌ አንድ በደመወዝ፣ አንድ በንግድ፣ እዚያው ጽሕፈት ቤት ሄደው አንዱ እንዲቀር ያስደርጉ። ሁለት ቁጥር ካለ ታሪክዎ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ሥር የከፈሉት ብድር በሌላው አይታይም።

ስም ላይ ያለው ችግር ከዚህ ይብሳል። የእኛ ስም በአማርኛ አንድ ሆኖ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሦስት አራት መልክ ይይዛል። "ዓለምነህ" የሚለውን አንዱ ጸሐፊ መጨረሻው ላይ "ኤች" ይጨምርበታል፣ ሌላው ይተወዋል። "ጸሐይ" በአንዱ ባንክ በ"ቲ" ይጀምራል፣ በሌላው በ"ኤስ"። "ኃይለ ማርያም" አንዱ ጋ አንድ ቃል ነው፣ ሌላው ጋ ሁለት። የአያት ስም የሌለበት መዝገብም ሞልቷል።

እንዲህ ያድርጉ። የፋይዳ መታወቂያዎን፣ የባንክ ደብተርዎን፣ የቲን ወረቀትዎንና የብድር ውልዎን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይዘርጉ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። የትውልድ ቀኑንም ይዩ፤ በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጅ መካከል ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ልዩነት ካገኙ ፋይዳውን መነሻ አድርገው ሌሎቹ እንዲስተካከሉ በየተቋሙ ያመልክቱ። ፋይዳው ራሱ ከተሳሳተ ግን መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ።

በስም የሚመሳሰልዎት ሰው ካለም ይህ ይጠብቅዎታል። በአንድ ወረዳ ሦስት "አበበ አያሌው" ቢኖር የሚለየው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ከእያንዳንዱ አበዳሪ የጽሑፍ ማስረጃ ያውጡ

በደብተርዎ ላይ ወደ ጻፉት እያንዳንዱ አበዳሪ ይሂዱ። ብድሩን የወሰዱበት ቅርንጫፍ ቢሆን ይመረጣል። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ "እስከ ዛሬ ያለብኝን ቀሪ ዕዳ፣ የክፍያ ታሪኬንና ብድሩ ያለበትን ደረጃ በጽሑፍ ስጡኝ።" ብድሩ ካለቀ ደግሞ "ከዕዳ ነፃ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ" ይበሉ። ባንኮች ክሊራንስ ይሉታል። ማህተም፣ ፊርማና ቀን ይኑረው።

የቃል መልስ አይቀበሉ። "የለብህም፣ ሂድ" የሚል መልስ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያ ሠራተኛ በሚቀጥለው ወር ወደ ሞጣ ወይም ወደ ብቸና ሊዛወር ይችላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

በዚሁ አጋጣሚ ባለሙያውን በብሔራዊ ባንክ ማዕከል በስምዎ ምን እንደሚታይ ይጠይቁት። አዲስ ብድር የሚጠይቁበት ባንክም መረጃውን ሲያወጣ ምን እንዳየ እንዲነግርዎት መጠየቅ ይችላሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘን መረጃ የማወቅና ስህተት ከሆነ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በትህትና ግን በግልጽ ይጠይቁ። ራስዎ የሰበሰቧቸው ደብዳቤዎች ከማዕከሉ ጋር ይመሳከራሉ፤ የማይጣጣም ካለ ማስረጃው በእጅዎ ነው።

ደረጃ 4፦ ደረጃውን ማንበብ ይማሩ

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ቀስ ብለው ያንብቡት።

ብድርዎ በመዝገቡ ላይ የሚመደበው በዕዳው ትልቅነት አይደለም። ክፍያው ባለፈበት ቀን ብዛት ነው። ባንኮች በየጊዜው የሚከፈል ብድርን በአምስት ይከፍሉታል።

- ክፍያው ካላለፈ ወይም ያለፈው ከ30 ቀን በታች ከሆነ፦ ጤናማ ነው፤ ባንኮች ፓስ ይሉታል።
- ከ30 ቀን እስከ 90 ቀን ሳይሞላ፦ ልዩ ክትትል የሚሻ፣ ስፔሻል ሜንሽን።
- ከ90 እስከ 180 ሳይሞላ፦ ከደረጃ በታች፣ ሰብስታንዳርድ።
- ከ180 እስከ 360 ሳይሞላ፦ አጠራጣሪ፣ ዳውትፉል።
- 360 ቀንና ከዚያ በላይ፦ እንደጠፋ የሚቆጠር፣ ሎስ።

90 ቀን ያለፈው ሁሉ "የተበላሸ ብድር" ይባላል። በማይክሮ ፋይናንስም መስመሩ እዚያው 90 ቀን አካባቢ ነው። ከዚህ መስመር በላይ የሆነ ሰው በሌላ ባንክ አዲስ ብድር ማግኘቱ እጅግ ይከብደዋል።

በእኛ የቀን መቁጠሪያ ሒሳቡ ቀላል ነው። ሦስት ወር ማለት ልክ 90 ቀን ነው። ጳጉሜን በመካከል ካለች አምስት ወይም ስድስት ቀን ይጨምሩ።

በምሳሌ እንየው። አንድ የእነማይ ገበሬ ክፍያው ታህሳስ 1 ነው እንበል። ጤፉን የሚሸጠው ግን ዋጋ ሲነሣ ነው። ጥር 20 ቀን ሸጦ ቢከፍል 49 ቀን አልፎታል። ልዩ ክትትል ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከከፈለ ይመለሳል። "ትንሽ ልታገስ" ብሎ እስከ መጋቢት 5 ቢያቆየው ግን 94 ቀን ይሆናል። ብድሩ ተበላሸ ማለት ነው። በጤፉ ያተረፈው ጥቂት ብር ለሚቀጥለው ዓመት ሊወስድ ያሰበውን ብድር ሊያስቀርበት ይችላል።

ትንሽ ቀሪም እንዲሁ አደገኛ ነው። እንበልና የባጃጅ ብድርዎን የመጨረሻ ክፍያ ከቀኑ ጥቂት ቀናት አሳልፈው ከፈሉ። ለእነዚያ ቀናት የታሰበው ወለድ 86 ብር ነበር፤ ማንም አልነገረዎትም። ብድሩ "አልተዘጋም" ተብሎ ይቀመጣል። ቀኑ ይቆጠራል። ከሦስት ወር በኋላ በ86 ብር የተነሣ ስምዎ የተበላሸ ብድር ካለባቸው ጋር ተሰልፎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ በሚያስገቡበት ቀን "ሂሳቡ ዜሮ ሆኗል? ተዘግቷል?" ብለው ይጠይቁ፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ያሳዩኝ ይበሉ፤ ደብዳቤውን እዚያው ይቀበሉ።

ደረጃ 5፦ የተገኘውን ችግር ይለዩና ያስተካክሉ

ችግሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መዝገቡ ተሳስቷል፣ ወይ ዕዳው እውነት ነው። አካሄዳቸው ይለያያል።

መዝገቡ ከተሳሳተ፦ መረጃውን ወደ ማዕከሉ የላከው አበዳሪው ስለሆነ የሚያርመውም እሱ ነው። ማመልከቻ ይጻፉ። የብድሩን ቁጥር፣ ስህተቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እንዲታረም የሚፈልጉትን በሌላ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። የደረሰኝ ኮፒ ያያይዙ፤ ዋናውን በፍጹም አይስጡ። በሁለት ኮፒ አዘጋጅተው በአንዱ ላይ "ተቀብያለሁ" ተብሎ ይፈረምበት፤ ቀንና የመዝገብ ቁጥርም ይጻፍበት። ቅርንጫፉ ዝም ካለ ወደ ዲስትሪክት ጽሕፈት ቤቱ፣ ከዚያ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የቅሬታ ክፍል ይሂዱ። እዚያም ካልተፈታ ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ቅሬታ ይቀበላል። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። መጀመሪያ የሚጠየቁት "ለባንኩ አመልክተሃል ወይ?" ነው።

ዕዳው እውነት ከሆነ፦ ያለፈውን ክፍያ አስቀድመው ይክፈሉ። ሁሉንም መክፈል ካልቻሉ ግን ሳይደበቁ ሄደው የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም ይጠይቁ። ባለፉት ዓመታት ጎጃም ውስጥ ብዙ ሰው ሳይፈልግ አሳልፏል። መንገድ ተዘግቶ ገበያ ያልወጣ አለ። ቅርንጫፉ ተዘግቶ የሚከፍልበት ያጣ አለ። ኢንተርኔት ተቋርጦ በስልክ መላክ ያልቻለ አለ። እንዲህ ከሆነብዎ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ቅርንጫፉ የተዘጋበትን ጊዜ ይጥቀሱ፤ ከቀበሌ ማስረጃ ካገኙ ያያይዙ። ማራዘሚያው ከተፈቀደ አዲሱን የክፍያ ሰሌዳ በወረቀት ይቀበሉ። በቃል የተፈቀደ ማራዘሚያ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ካልገባ ቀኑ መቆጠሩን አያቆምም።

ከዚህ በኋላ አንድ ወር ይጠብቁና ተመልሰው ይጠይቁ። ተስተካክሏል የተባለው በእርግጥ በማዕከሉ መስተካከሉን ሳያዩ አዲስ ማመልከቻ አያስገቡ።

ደረጃ 6፦ የስልክ ነጥብዎን ይንከባከቡ

የቴሌብርና የመሳሰሉት ብድሮች ቅርንጫፍ አያስኬዱም፣ መያዣ አይጠይቁም። ሲስተሙ የሚያየው እንቅስቃሴዎን ነው፦ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚገባና እንደሚወጣ፣ ያለፈውን ብድር በሰዓቱ መመለስዎን። ስለዚህ የዕለት ሽያጭዎን በስልክ ይቀበሉ፤ የወሰዱትን ትንሽም ቢሆን ከቀኑ በፊት ይመልሱ። የሚቀጥለው መጠን የሚያድገው እንደዚያ ነው። በራስዎ ስም ባልወጣ ሲም የሚነግዱ ከሆነ ታሪኩ የሚጻፈው ለሲሙ ባለቤት ነው። ሲሙን ወደ ስምዎ ያዙሩት።

ደረጃ 7፦ መክፈል መቻልዎን ከባንኩ በፊት ያስሉ

ንጹሕ መዝገብ ብቻውን ብድር አያሰጥም። ባለሙያው ቀጥሎ የሚያየው ገቢዎን ነው።

ለምሳሌ ያህል 200,000 ብር በ17 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለሦስት ዓመት ቢወስዱ፣ በየወሩ እኩል ሲከፈል ወደ 7,130 ብር ይመጣል። በሦስቱ ዓመት ውስጥ ወለዱ ብቻ ከ56,000 ብር ይበልጣል። ወለዱ እንደየባንኩ ይለያያል፤ የራስዎን ቁጥር አስገብተው እንዲያሰሉልዎት ባለሙያውን ይጠይቁ። ለደመወዝተኛ ጥሩ ልኬት ሲሶ ነው፦ ያሉብዎት ብድሮች ሁሉ ወርሃዊ ክፍያ ተደምሮ ከደመወዝዎ ሲሶ አይለፍ።

ገቢዎ በመኸር የሚመጣ ከሆነ ወርሃዊ ክፍያ አይቀበሉ። የቡሬ የበርበሬ ነጋዴና የመርዓዊ የቆጋ መስኖ ሽንኩርት አምራች ገንዘብ የሚያገኙበት ወር አንድ አይደለም። የክፍያው ቀን ምርትዎ ከተሸጠ በኋላ እንዲውል ከፊርማ በፊት ይደራደሩ። ከፊርማ በኋላ ልመና ነው የሚሆነው።

ደረጃ 8፦ መያዣው ከእግድ ነፃ መሆኑን ያረጋግጡ

የድሮ ብድርዎን ጨርሰው ከፍለው ሊሆን ይችላል። ቤትዎ ግን በማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ላይ ገና ለባንኩ እንደታገደ ሊቀመጥ ይችላል። ተሽከርካሪም እንዲሁ በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት። ባንኩ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ ይሰጥዎታል፤ ደብዳቤው ፋይሉ ውስጥ መግባቱን ራስዎ ተከታትለው ያረጋግጡ። ካርታውን ወይም ሊብሬውን መቀበል ብቻ አይበቃም።

ቤት ከሌለዎትስ? የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ ማለትም ከብት፣ ማሽን፣ የተከማቸ ምርት፣ መያዣ የሚሆንበት አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1147/2011 ነው። መዝገቡን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ባንክ ነው። ሁሉም ባንክ ግን በዚህ አይሠራም፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

ያገቡ ከሆነ የጋራ ንብረት ሲያስይዙ የትዳር ጓደኛዎ ፊርማ ያስፈልጋል። የእሳቸውም የብድር ታሪክ በዚሁ መንገድ ይጣራ።

ደረጃ 9፦ ያመልክቱ

የሰበሰቧቸውን ደብዳቤዎች በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ፋይል አድርገው ይሂዱ። ያለፈ መዘግየት ካለ ባለሙያው ሳይጠይቅዎት ራስዎ ያንሱት፤ ማስረጃውን ያሳዩ። በአንድ ጊዜ አራት አምስት ባንክ ጋ አያመልክቱ። ንግድ ባንክ፣ ፀደይ፣ አባይ፣ አማራ ባንክ እያሉ መጀመሪያ መስፈርታቸውን በቃል ይጠይቁና ለሚስማማዎት አንዱ ያስገቡ።

እምቢ ከተባሉ "በምን ምክንያት?" ብለው በጽሑፍ መልስ ይጠይቁ። ምክንያቱ ሁልጊዜ የእርስዎ ስም አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮችን የብድር ዕድገት በጣሪያ ገድቧል፤ መጀመሪያ 14 በመቶ ነበር፣ ኋላ ወደ 18፣ ቀጥሎም ከዚያ በላይ ከፍ ብሏል። ባንኩ ድርሻውን ጨርሶ ከሆነ ንጹሕ ሰውም ይመለሳል። ያን ጊዜ ማስተካከል ያለብዎት ታሪክዎን ሳይሆን ጊዜውን ወይም ባንኩን ነው።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

- "ባንኩ ተዘግቶ ስለነበር ዕዳው ቆሟል" ብሎ ማሰብ። በጽሑፍ ካልተባለ አልቆመም።
- ያረጀ ዕዳ ተረስቷል ብሎ አለመጻፍ።
- የወንድምን ወይም የባልን ብድር በራስ ስም መውሰድ። ታሪኩ የሚጻፈው በፈራሚው ነው።
- ክፍያን ለሠራተኛ በእጅ ሰጥቶ ደረሰኝ አለመቀበል።
- ስልክ ቁጥር ቀይሮ ለባንኩ አለማሳወቅ። የማስጠንቀቂያው መልእክት የሚሄደው ወደ ድሮው ቁጥር ነው።
- ተበድሮ የማያውቅ ሰው "ስሜ ንጹሕ ነው" ብሎ ትልቅ ብድር መጠየቁ። ባዶ መዝገብ መጥፎ አይደለም፤ ግን ምንም አይናገርም። በትንሽ ጀምሮ በሰዓቱ መመለስ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ

"ስምህን ከብሔራዊ ባንክ አስፍቅልሃለሁ" የሚል ደላላ ካጋጠመዎ ገንዘብዎን አይስጡ። እውነተኛ ዕዳ በጉቦ አይፋቅም፤ ስህተት ደግሞ ያለ ክፍያ ይታረማል።

የፋይዳ ቁጥርዎን ለማያውቁት ሰው፣ የቴሌብር ፒን ወይም በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ደግሞ ለማንም አይስጡ። የብድር ባለሙያ ፒን አይጠይቅም። በማያውቁት የብድር አፕ ላይ መታወቂያዎን አይጫኑ፤ በስምዎ ሌላ ሰው ሊበደርበት ይችላል።

በቂ ስንቅ፣ ማለትም በሂሳቡ በቂ ገንዘብ፣ የሌለው ቼክ አይጻፉ፣ ለመተማመኛ እንኳ ቢሆን። በወንጀል ያስጠይቃል፤ ለብሔራዊ ባንክም ሪፖርት ይደረጋል፤ ሲደጋገም የባንክ ሂሳብ ያዘጋል።

ቤት አስይዘው ከሆነ ደብዳቤ ሲመጣ ሳይከፍቱ አያስቀምጡ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ከዚያ በፊት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ድርድር የሚቻለው በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ ነው፤ ደብዳቤው በደረሰዎት ማግስት ቅርንጫፉ ይሂዱ።